በሰሜን ሸዋ የኩሬ ዓሦች የባክቴሪያ በሽታና ማይክሮባዮም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዓሣ እርባታ በሰሜን ሸዋ ገና ጅምር ላይ ያለ ሥራ ነው። ብዙዎቹ አርቢዎች ለመስኖ ወይም ለከብት ውኃ ለማጠራቀም በተቆፈረ፣ አንዳንዴም ፕላስቲክ በተነጠፈበት ኩሬ ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ አልፎ አልፎም አምባዛ ያረባሉ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አርቢዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

የኩሬዬ ውኃ ባክቴሪያ ካለበት ዓሦቼ መታመማቸው አይቀርም?

ባክቴሪያ የሌለበት የዓሣ ኩሬ የለም። ንጹሕ በሚመስል ኩሬ ውስጥ እንኳ በአንዲት ሚሊ ሊትር ውኃ ከመቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች መገኘታቸው የተለመደ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለዓሣው ደንታ የላቸውም፤ ቆሻሻ ያብላላሉ፣ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ብዙ ጉዳት ወደማያደርሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። በሽታ ማምጣት የሚችሉት ጥቂቶቹም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ አጋጣሚ ጠባቂዎች ናቸው። ለምሳሌ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የሚባለው ባክቴሪያ በኩሬ ውኃና በጤነኛ ዓሣ አንጀት ውስጥ ሳይቀር ይኖራል፤ ዓሣውን የሚወርረው በመረብ ሲያዝ ቅርፊቱ ከተላጠ፣ ኦክስጅን ካጠረው፣ ከልክ በላይ ከተጨናነቀ ወይም የአየሩ ቅዝቃዜ ካዳከመው በኋላ ነው።

ይህ ሕግ ግን ለሁሉም አይሠራም። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ የተባለው ባክቴሪያ ከተገዙ ጫጩቶች ጋር ወደ ኩሬ ከገባ፣ በደህና አያያዝ ላይ ያለን ዓሣም ሊጥል ይችላል። ስለዚህ «ዓሦቼ ስለተጎሳቆሉ ነው የታመሙት» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ማይክሮባዮም ምንድን ነው? ለዓሣው ምን ይጠቅመዋል?

በዓሣው ቆዳ ልጋግ ላይ፣ በስንጥቡ እና በአንጀቱ ውስጥ ተቀምጠው አብረውት የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በአንድነት ማይክሮባዮም ይባላሉ። እነዚህ ተሕዋስያን ከኩሬው ውኃ የመጡ ቢሆኑም የውኃው ግልባጭ አይደሉም፤ ዓሣው በአካሉ ሁኔታ የሚመቹትን ያስቀራል፣ የማይመቹትን ያስወግዳል። የቆሮሶ ጨጓራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አልጌን ለመፍጨት የሚያመነጨው አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ የጨጓራው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል)፣ ከ2 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህን አልፎ ረጅሙ አንጀት ውስጥ የሚደርሰውና ኦክስጅን በሌለበት መኖር የሚችለው ባክቴሪያ የተመረጠ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ በቆሮሶ አንጀት በብዛት የሚገኘው ሴቶባክቴሪየም ሶመሬ ይባላል። የዚህ ባክቴሪያ ትልቁ ውለታ ቫይታሚን ቢ12 ማምረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ጥናት ቆሮሶ በመኖው ውስጥ ቢ12 ባይጨመርለትም እንደማይጎዳ አሳይቷል፤ ምክንያቱም ቫይታሚኑን የሚያገኘው ከራሱ አንጀት ባክቴሪያዎች ነው። ለአርቢው ይህ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ አንጀቱ ጤነኛ የሆነ ዓሣ ከመኖ ወጪ ላይ የሚቆጠብ ነገር ይዞ ይኖራል፤ አንጀቱ በመድኃኒት የተራቆተ ዓሣ ግን ያንን ያጣል።

ሁለተኛው ጥቅም ቦታ መያዝ ነው። የቆዳው ልጋግና የአንጀቱ ግድግዳ ጉዳት በማያደርሱ ተሕዋስያን ሲሸፈን፣ አዲስ የሚመጣው በሽታ አምጪ የሚያርፍበት ስፍራ ያጣል፤ ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮችንም ከእነርሱ ጋር ተሻምቶ ማግኘት ይኖርበታል። ሦስተኛው ጥቅም የዓሣውን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ማሠልጠን ነው። ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ላቦራቶሪ ውስጥ ያደጉ ዜብራፊሽ የተባሉ ትናንሽ ዓሦች አንጀታቸው በትክክል እንደማይበስልና የመከላከል ችሎታቸውም ደካማ እንደሚሆን ታይቷል።

ማይክሮባዮም የሚጀምረው ገና ከእንቁላል ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሎቿንና የተፈለፈሉ ልጆቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ስለምታሳድግ፣ ጫጩቶቹ በሕይወታቸው መጀመሪያ የሚያገኟቸው ባክቴሪያዎች ከእናታቸው አፍ የመጡ ናቸው። በማፈልፈያ ማዕከል እንቁላሉ ከአፏ ተወስዶ በማሰሮ ሲፈለፈል ግን ያንን ቦታ የማዕከሉ ውኃ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጫጩት የሚገዛ ሰው ስለ ዘሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ማፈልፈያው ውኃ ንጽሕናም መጠየቅ አለበት።

በሰሜን ሸዋ የትኞቹን የባክቴሪያ በሽታዎች ልጠብቅ?

መልሱ ደጋውን ከቆላው ከሚለየው ከጣርማ በር በላይ ወይስ በታች በመሆንዎ ይወሰናል። ቆሮሶ የሞቃት ውኃ ዓሣ ነው፤ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ይህ ሙቀት በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ይገኛል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልበት ወቅት ውኃው ዓሣው መብላት እስከሚያቆምበት ደረጃ ይቀዘቅዛል፤ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ቆሮሶ መሞት ይጀምራል። በእኔ አስተያየት በደጋው ክፍት ኩሬ ውስጥ ቆሮሶ ለማርባት መጣር ለበሽታ ድግስ መደገስ ነው። ቅዝቃዜ የዓሣውን የመከላከል ኃይል ሲያዳክም፣ ብርድ የሚችሉት ኤሮሞናስና ሱዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን አያቆሙም፤ በተጎዳው ቆዳ ላይም ጥጥ የሚመስል የውኃ ሻጋታ ይበቅላል።

በቆላው፣ ማለትም በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃና በአጣዬ አካባቢ፣ ሥጋቱ ከሙቀት ጋር ይመጣል። ስትሬፕቶኮከስ አብዝቶ የሚነሣው ውኃው ከ27 ወይም ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሲሆን፣ ትልልቆቹንና ለሽያጭ የደረሱትን ዓሦች መርጦ የመጣል ጠባይ ስላለው ኪሳራው ከባድ ነው። ዓይን ጎልቶ ይወጣል ወይም ይደፈርሳል፤ ባክቴሪያው አንጎል ውስጥ ስለሚገባ ዓሣው እየተሽከረከረ ወይም ጎብጦ ይዋኛል። ጊዜው ደግሞ ከገበያው ጋር ይገጣጠማል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፍላጎት ስለሚጨምር አርቢው ለዚያ ጊዜ የሚደርስ ብዙ ዓሣ በኩሬው አጭቆ ያቆያል፤ ያልተሸጠው በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ውስጥ እንደተጨናነቀ ይቀራል።

ሁለተኛው ኮለምናሪስ የሚባለው ነው፤ የሚያመጣው ፍላቮባክቴሪየም ኮለምናሬ ነው። በጀርባው ክንፍ ዙሪያ ኮርቻ የሚመስል ግራጫ ወይም ቢጫ ነጭ ምልክት፣ በአፍ ዙሪያ ቁስል፣ የበሰበሰ ስንጥብ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ጫጩቶች ተጭነው ረጅም መንገድ ከመጡ ወይም በመረብ ከተጉላሉ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ መታየቱ የተለመደ ነው።

የኤሮሞናስ በሽታ ቆዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ የክንፍ መበጣጠስ፣ ቁስልና በፈሳሽ የተነፋ ሆድ ያሳያል። ኤድዋርድሲየላና ፍራንሲሴላ የተባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሆዱ ሲከፈት በጣፊያና በኩላሊት ላይ ነጫጭ እባጮች ይተዋሉ፤ ፍራንሲሴላ ከስትሬፕቶኮከስ በተቃራኒ ውኃው ቀዝቀዝ ሲል ይብሳል። ኤሮሞናስና ኤድዋርድሲየላ ከአገራችን ሐይቆች በተወሰዱ ዓሦች ላይ ተለይተው ታውቀዋል።

ትናንት ደህና የነበሩ ዓሦች ዛሬ ጠዋት ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ይህ የባክቴሪያ በሽታ ነው?

በአንድ ሌሊት የደረሰ እልቂት አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ሥራ አይደለም። የባክቴሪያ በሽታ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት፣ በማግስቱ አምስት ስድስት እያለ ከፍ ይላል፤ ዓሦቹም ከመሞታቸው በፊት መኖ ይተዋሉ። በአንድ ጀምበር ሁሉም ካለቁ በቅድሚያ መጠርጠር ያለባቸው ኦክስጅንና መርዝ ናቸው።

የኦክስጅን እጥረት የሚደርሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። አልጌ ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ውኃው በጣም አረንጓዴ ከሆነ፣ ፍግ ከበዛበት ወይም ከተራረፈ መኖ ታችኛው ዝቃጭ ካበጠ፣ ሌሊቱን ኦክስጅኑ ተሟጦ ያድራል። የከፍታችን ጉዳይም አለበት፤ በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር ወደ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ በሸዋ ሮቢት ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለቆሮሶ ዘወትር ከ5 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ዓሦቹ ጠዋት ከውኃው ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ከታዩ፣ ከሞቱትም ትልልቆቹ ከበዙ፣ አብሮ የነበረው አምባዛ ግን ከተረፈ፣ ነገሩ ኦክስጅን ነው፤ አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ይህን ፈተና ያልፋል።

መርዝ ከሆነ ግን አምባዛውም፣ የእንቁራሪቱ እጭም፣ የውኃ ነፍሳቱም አብረው ያልቃሉ፤ ትንንሾቹም ቀድመው ይሞታሉ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርት በሰፊው ስለሚመረት፣ ለሽንኩርት ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው የመርጫ ታንኩን በመስኖ ቦይ ሲያጥብ ወይም ንፋስ የተረጨውን ወደ ኩሬው ሲያመጣ ጉዳት ይደርሳል። በተለይ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ለሰውና ለከብት ያን ያህል አደገኛ ሳይሆኑ ለዓሣ ግን በእጅጉ ገዳይ ናቸው። ከጎረቤት ጋር የርጭት ቀን አስቀድሞ መነጋገርና በዚያ ቀን የኩሬውን መግቢያ መዝጋት ከማንኛውም መድኃኒት የተሻለ ውጤት አለው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ አሞኒያ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከአንድ መቶኛ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ፣ ፒኤች 9 ሲሆን ደግሞ ወደ 36 በመቶ ይደርሳል። አረንጓዴ ኩሬ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ስለሚያሻቅብ፣ ጠዋት የተለካ አሞኒያ «ደህና ነው» ቢልም ከሰዓት በኋላ ዓሣውን ሊጎዳ ይችላል። ፈጥኖ ባይገድልም ስንጥቡን እያቃጠለ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል።

ምልክቶቹን አይቼ ራሴ በሽታውን መለየት እችላለሁ?

መጠርጠር ይችላሉ፤ ማረጋገጥ ግን አይችሉም። ቀይ ነጠብጣብና ያበጠ ሆድ ሦስት አራት የተለያዩ ባክቴሪያዎች የሚጋሩት ምልክት ነው። ለምርመራ የሚላከው ምልክት የሚታይበት ነገር ግን ነፍሱ ያልወጣ ዓሣ መሆን አለበት፤ ከሞተ ሰዓታት ያለፉት ዓሣ የአንጀቱ ባክቴሪያዎች ወደ ሥጋው ስለሚሰራጩ ውጤቱን ያሳስታሉ። ዓሣው በፕላስቲክ ተደርጎ በበረዶ መሃል ይቀመጥ፤ በፍሪዘር ግን ወደ በረዶነት አይለወጥ። ኮምቦልቻ ባለው የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ወይም ሰበታ ባለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ዓሣ ከመላክዎ በፊት መቀበላቸውን በስልክ ያረጋግጡ። ከናሙናው ጋር የሞቱት ብዛት በየቀኑ፣ የውኃው ሙቀት፣ ጫጩቱ የመጣበት ቦታና የተሰጠ መድኃኒት ካለ ተጽፎ ቢላክ ለመርማሪው ግማሽ ሥራ ነው።

ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቼ ኩሬው ላይ ብበትነውስ?

ይህን አያድርጉ። ይህ ጥያቄ በብዛት ስለሚቀርብ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጎ ማስረዳት ተገቢ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ መድኃኒቱ ዓሣው ውስጥ አይደርስም። ኦክሲቴትራሳይክሊን በውኃ ውስጥ ካለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ስለሚጣበቅ፣ እነዚህ ማዕድናት በበዙበት (ጠንካራ) ውኃ ውስጥ የተበተነው አብዛኛው ጥቅም ሳይሰጥ ወደ ዝቃጩ ይወርዳል። በመኖ ተደባልቆ ሲሰጥም ቢሆን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ የታመመው ዓሣ ደግሞ መጀመሪያ የሚያቆመው መብላትን በመሆኑ መድኃኒቱን የሚወስዱት ገና ያልታመሙት ናቸው። ስለዚህ በመኖ የሚሰጥ ሕክምና ትርጉም የሚኖረው በሽታው ሲጀምር፣ አብዛኞቹ ዓሦች ገና እየበሉ ሳለ ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑ የሚሰላው በኩሬው ስፋት ሳይሆን በዓሦቹ ጠቅላላ ክብደት ነው። አማካይ ክብደታቸው 200 ግራም የሆነ 500 ዓሦች ካሉ የሚታከመው 100 ኪሎ ግራም ዓሣ ነው። በዓይን ግምት የሚበተን ዱቄት ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል፤ ያነሰው በተለይ ባክቴሪያውን ሳይገድል መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። የአንጀቱን ማይክሮባዮም ያሳሳዋል፤ የኩሬው አሞኒያ አብላይ ባክቴሪያዎችም ሊጎዱ ይችላሉ፤ የአሞኒያውም መጠን ያድጋል። በሙከራ ላይ ፀረ ባክቴሪያ የተሰጣቸው ዓሦች ከሕክምናው በኋላ ለአዲስ ኢንፌክሽን ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው የተገኙበት ሁኔታ አለ፤ በተራቆተው አንጀት ውስጥ ቀድሞ የሚሰፍረው ፈጥኖ የሚራባው ነውና። «መድኃኒት ሰጥቼ ለሁለት ሳምንት ቆሞ እንደገና ተነሣ» የሚለው የአርቢዎች ስሞታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ፣ ቅሪቱ ሰው ሰሃን ላይ ይደርሳል። በአሜሪካ ለካትፊሽ (ለአምባዛ ዓይነት ዓሣ) በተፈቀደው አጠቃቀም መሠረት በኦክሲቴትራሳይክሊን ለ10 ቀናት የታከመ ዓሣ ከመጨረሻው መጠን በኋላ 21 ቀን ሳይሞላው ለምግብ አይቀርብም። በውኃ ቅዝቃዜ ጊዜ የዓሣው ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስወግደው ይበልጥ በዝግታ ነው። ለጾም ገበያ ሊሸጥ የተዘጋጀ ዓሣ በገበያው ዋዜማ መድኃኒት መሰጠት የለበትም ማለት ነው።

መድኃኒት ፈጽሞ አይሰጥም ማለት አይደለም። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ከታወቀ፣ የሚገድለው መድኃኒትም ከተፈተሸ፣ የእንስሳት ሐኪም መጠኑንና ቀኑን ከወሰነ ትክክለኛ ሕክምና ነው። እስከዚያው መኖ መቀነስ ወይም ለጥቂት ቀናት ማቆም፣ የሞቱትን ጠዋትና ማታ መልቀም፣ ከውኃው አንድ አራተኛውን መለወጥና ዓሣውን በመረብ አለመነካካት ሞቱን ብዙ ጊዜ ያረግበዋል። በስትሬፕቶኮከስ ወቅት መኖ ማቆም በራሱ የሞት ቁጥርን እንደሚቀንስ በብዙ አገር አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የሞቱት ከውኃ ርቆ ኖራ ተነስንሶባቸው ይቀበሩ እንጂ ወደ ወንዝ አይጣሉ፤ ከታች ሌላ አርቢ አለ።

ጨውና ኖራ ይረዳሉ?

ጨው በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ሲጨመር ዓሣው ከመጓጓዝ ወይም ከቁስል የተነሣ የሚያጣውን የሰውነት ጨው ይተካለታል፣ የናይትራይትንም መርዛማነት ይቀንሳል። ሆኖም 100 ሜትር ኩብ ውኃ ለሚይዝ ኩሬ በሊትር አንድ ግራም ማለት አንድ ኩንታል ጨው ነው፤ ስለዚህ ጨው የበርሜልና የማቆያ ገንዳ ሕክምና ነው፤ ለትልቅ ኩሬ ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ኖራ የሚነሰነሰው ዓሣው ወጥቶ ኩሬው ከደረቀ በኋላ ነው። የአፈር ኩሬ መሬቱ እስኪሰነጣጠቅ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ግራም የተቃጠለ ኖራ ቢነሰነስ በዝቃጩ ውስጥ የቀሩትን በሽታ አምጪዎች ያጠፋል። ዓሣ ባለበት ኩሬ ይህን ያህል የተቃጠለ ኖራ መጨመር ግን ፒኤቹን በድንገት ሰቅሎ ዓሣውን ይገድላል።

ከኖራ በኋላ ኩሬውን ሞልቶ በማግስቱ ጫጩት መልቀቅ ሌላው የተለመደ ችኮላ ነው። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በባሕር ዓሣ እጮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ተሕዋስያኑ በፀዱበት ውኃ ውስጥ ቀድመው የሚሞሉት ፈጥነው የሚራቡትና ዕድል ፈላጊዎቹ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚያድጉትና ሚዛን የሚጠብቁት የሚመጡት ዘግይተው ነው። ስለዚህ ውኃው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ቀለል ያለ አረንጓዴ መልክ ሲይዝ መልቀቁ ይመረጣል።

የጠላ ወይም የአረቄ አተላ ለዓሣ አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሰጣል?

በእኛ አካባቢ አተላ ስለማይጠፋ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አተላዎች አንድ አይደሉም። የአረቄ አተላ እሳት ላይ ተቀቅሎ የወጣ ስለሆነ በውስጡ በሕይወት ያለ እርሾ አይጠበቅም፤ የሚቀረው የሞተው እርሾና የእህሉ ንጥረ ነገር ነው። የጠላ አተላ ሕይወት ያለው እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም በውስጡ ጌሾና የአልኮል ቅሪት አለ፣ መጠኑና ይዘቱም ከጋን ጋን ይለያያል። የትኛውም ቢሆን በባልዲ ወደ ኩሬ ከተደፋ በመጀመሪያ የሚሠራው ኦክስጅን መብላት ነው። አተላ ደርቆ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ተደባልቆ እንደ ምግብ ሊያገለግል ይችላል፤ እንደ መድኃኒት ግን አይታይ።

ፕሮባዮቲክ ተብለው ለዓሣ የሚዘጋጁት በአብዛኛው የባሲለስ፣ የላክቶባሲለስና የፔዲዮኮከስ ወገን ባክቴሪያዎች ወይም እርሾ ናቸው። በብዙ ሙከራዎች እድገትንና በሽታን መቋቋምን አሻሽለዋል። ውሱንነታቸው ግን በሻጮች ዘንድ አይነገርም፤ የተሰጡት ባክቴሪያዎች በአንጀቱ ውስጥ በቋሚነት አይሰፍሩም፣ መስጠቱ ሲቆም ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠፋሉ። መጨናነቁና የውኃው ቆሻሻ ሳይስተካከል በላዩ የሚጨመር ፕሮባዮቲክ ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል።

የዶሮ ቤት ከኩሬው በላይ ብሠራ ጉዳት አለው?

የዶሮ ኩስ አልጌን ያለመልማል፣ ቆሮሶም አልጌ ይበላል፤ ስለዚህ በብዙ አገሮች የተለመደ ዘዴ ነው። ሥጋቱ ዶሮዎቹ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሰጣቸው ከሆነ ነው፤ ከኩሱ ጋር የመድኃኒቱ ቅሪትና መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ወደ ውኃው ይወርዳሉ፣ ሳልሞኔላም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ኩሱን በቀጥታ ከማስገባት ይልቅ አብላልቶ በመጠን መስጠትና ዶሮዎቹ በሚታከሙበት ወቅት ጨርሶ ማቆም የተሻለ ነው።

አዲስ ጫጩት ሲመጣ ምን ላድርግ?

ከሰበታ፣ ከባቱም ሆነ ከባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከላት ወይም ከግል አርቢ ይምጣ፣ አዲሱ ጫጩት ከነባሮቹ ተለይቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት በሌላ ገንዳ መቆየት አለበት፤ የራሱ መረብና ባልዲም ሊኖረው ይገባል። የመጣበት ፕላስቲክ ከነውኃው ኩሬው ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተንሳፍፎ የሙቀቱ ልዩነት ከተስተካከለ በኋላ ዓሣው ብቻ ይለቀቅ፤ የመጣበት ውኃ ወደ ኩሬው አይደፋ። ከመጓጓዙ አንድ ቀን በፊት መኖ እንዳይሰጠው ሻጩን ማሳሰብም ይጠቅማል።

ክትባት አለ?

ለስትሬፕቶኮከስ የተዘጋጁ የመርፌ ክትባቶች በብራዚልና በአንዳንድ የእስያ አገሮች በሥራ ላይ ናቸው። እያንዳንዱን ዓሣ ይዞ መውጋት ስለሚጠይቁ ለጥቂት መቶ ዓሣ አርቢ አዋጭ አይደሉም።

በባክቴሪያ የታመመ ዓሣ መብላት ይቻላል? ዓሣ በጥሬውስ?

ምልክት የታየበት ዓሣ ለሽያጭም ለቤትም አይዋል። ከዚያው ኩሬ የተገኘ፣ ምልክት የሌለውና መድኃኒት ያልወሰደ ዓሣ በሚገባ ከተጠበሰ ወይም ከተቀቀለ ባክቴሪያው ይሞታል።

የጥሬው ነገር ግን ይለያል። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ዓሣን በጥሬው በአዋዜ መብላት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ከዚያ የተመለሱ ወጣቶች በኩሬ ዓሣም ሲሞክሩት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሲንጋፖር የንጹሕ ውኃ (ጨዋማ ያልሆነ ውኃ) ዓሣ በጥሬው የበሉ ሰዎች ኤስቲ283 በተባለ የስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ ዓይነት ተይዘው፣ አንዳንዶቹ የማጅራት ገትርና የደም መመረዝ ደርሶባቸው ነበር፤ መንግሥትም ጥሬ የንጹሕ ውኃ ዓሣ በምግብ ቤቶች እንዳይሸጥ ከለከለ። ያ ባክቴሪያ ቆሮሶን ከሚያጠቃው ጋር አንድ ዝርያ ነው።

ዓሣውን የሚያጸዳው ሰውም ጥንቃቄ ያሻዋል። በ1995 እና በ1996 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው የብርድ ወቅት በካናዳ ቶሮንቶ ትኩስ ቆሮሶ ሲያጸዱ እጃቸው የተወጋ ሰዎች ስትሬፕቶኮከስ ኢኒየ በተባለው ባክቴሪያ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። የቆሮሶ የጀርባ እሾህ ስለታም ስለሆነ ወፍራም ጓንት ማድረግ፣ የተወጋውን እጅ ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። እጁ በማግስቱ ከቀላና ካበጠ ጤና ጣቢያ ሄዶ ዓሣ ሲያጸዳ መወጋቱን ለሐኪሙ ይንገር፤ በተለይ ለሳምንታት የማይድንና እየጠነከረ የሚሄድ የእጅ እባጭ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለ የውኃ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ ሕክምናውም ከተለመደው ቁስል ይለያል።